በደረጃው ላይ የወጣው ታንክ

ሙንተሰር ያንን ታንክ የገዛው ዓደን፣ ተዋሂ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከወደቡ በር አጠገብ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጠው ከባሲል ነበር። መጫወቻ ይባል እንጂ የልጅ ዕቃ አይመስልም። ርዝመቱ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ይደርሳል፣ አፈሙዙ ግራና ቀኝ ይዞራል፣ በሪሞት ከሩቅ ይነዳል። "አንድ መርከበኛ ጥሎት የሄደ ነው" አለው ባሲል። የግራው ሰንሰለት ተበጥሷል፤ ሞተሩም ሲያበሩት ያጉረመርማል እንጂ አይንቀሳቀስም። ሙንተሰር ገልብጦ ሆዱን አየው፤ በግ እንደሚገዛ ሰው ጎኑን ዳበሰው።

"ይሄ እኮ ሞቷል" አለ፣ ዋጋ ለማስቀነስ።

"ከሞተ ለቀብሩ የሚሆን አምጣ" አለ ባሲል እጁን ዘርግቶ።

ተስማሙ። ሙንተሰር ታንኩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ዞር ሊል ሲል ከሻይ ቤቱ በኩል ድምፅ መጣ።

"እዩልኝ! አገር ሲዋጋ እናቱ ጉያ የተደበቀው፣ ዛሬ ታንክ ገዛ!"

የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለገውም። የአባቱ ልጅ ሰላህ ነበር። አብረውት ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ሳቁ። ሙንተሰር ፊቱ እሳት እየመሰለ መንገዱን ቀጠለ።

ሰላህ ታላቁ፣ የዓደኗ ሚስት ልጅ ነው። አባታቸው በጉልምስናው ለንግድ ድሬዳዋ ሄዶ ሐበሻ አገባ። ሙንተሰር እዚያው ተወለደ፣ እዚያው አደገ፣ የኤሌክትሪክ ጥገናም እዚያው ተማረ። ሽማግሌው ሊሞት ሲል ወደ ዓደን አስጠራውና ጎረቤት አስቀምጦ "ፎቁ የሰላህ፣ ምድር ቤቱ የሙንተሰር" ብሎ ተናዘዘ። ሙንተሰር ሚስቱን ፋጡን ይዞ ምድር ቤት ገባ። ሰላህ ኑዛዜውን በጆሮው ሰማ እንጂ በልቡ አልተቀበለውም። በጦርነቱ ጊዜ ቤቱን ጥሎ ያልሸሸው፣ ጥይት የበሳውን ግድግዳ የደፈነው፣ አባቱን እስከ መጨረሻው ያስታመመው እሱ ነው። ሙንተሰርን ባገኘው ቁጥር "ቤቱ ሲቃጠል የት ነበርክ?" ይለዋል። ስሙን ጠርቶት አያውቅም፤ "የሐበሻዪቱ ልጅ" ነው የሚለው። ሙንተሰርም የሚመልሰው አያጣም። "አባቴ የሰጠኝን ካንተ አልለምንም" ይላል። እንዲህ ዐይንና ናጫ ሆነው አንድ የውጭ በር፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ ይጋሩ ነበር።

ሙንተሰር እንጀራው ሶላርና ኢንቨርተር መጠገን ነው። ተዋሂ ውስጥ መብራት ከሚበራበት የሚጠፋበት ስለሚበዛ ሥራ አያጣም። ታንኩ ግን የእንጀራ ሳይሆን የልብ ነበር። ከሥራ ሲገባ እጁን ታጥቦ፣ ምንጣፉ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ፣ ታንኩን እንደ ማዕድ ፊቱ አቅርቦ ይቀመጣል። ፋጡ ትገረማለች። "ጢም ያለው ሰው!" ትለዋለች። "ሰው ቢገባ ምን እላለሁ?"

"ባሌ ጄኔራል ነው በያቸው" ይላታል።

በተበጠሰው የፕላስቲክ ሰንሰለት ፋንታ ሙንተሰር፣ ባሲል በሚያውቀው ነጋዴ በኩል ከዱባይ የብረት ሰንሰለት አስመጣ። ሰንሰለቱ ሲከብድ በውስጥ ያሉት የፕላስቲክ የማርሽ ጥርሶች ተላለጡ፤ እነሱንም በነሐስ ለወጣቸው። ከተጣለ ሶላር ላይ ጠንካራ ባትሪ ፈትቶ አገባለት። ሪሞቱ ከግድግዳ ጀርባ ሆኖም እንዲታዘዝ ረጅም አንቴና ሽቦ በስታኞ በየደ። ታንኩ በሳሎኑ ወለል ላይ ያለ ችግር መሄድ ሲጀምር ወደ ደረጃው ስር ወሰደው። መጀመሪያ አፍንጫውን አነሣና ወደ ኋላው ተገለበጠ። ሙንተሰር ባትሪውን ከኋላ ወደ ፊት አዛውሮ ደግሞ ሞከረው። ታንኩ የመጀመሪያውን ደረጃ በሰንሰለቱ ነክሶ ወጣ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ሙንተሰር ብቻውን አጨበጨበ።

የቀረው ድምፅ ነበር። የመርከበኛው ታንክ ሲሄድ እንደ ተራበ ድመት ነበር የሚጮኸው። ሙንተሰር የእውነተኛ ታንክ ድምፅ ከስልክ ላይ አወረደ፤ ከተሰባበረ ሚኒባስ የተፈታ ስፒከርም ሆዱ ውስጥ በሙጫ አሸገው። ሞተሩ መጀመሪያ ያጓራል፣ ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ከጸጥታው በኋላ መድፉ ይተኩሳል።

በደረጃው ስር ለመጀመሪያ ጊዜ ያበራው ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰላህ ዳቦና ቲማቲም በፌስታል ይዞ ከደረጃው አጋማሽ ደርሶ ነበር፤ ሙንተሰር አላየውም። ሞተሩ ሲያጓራ ከላይ የሆነ ነገር በኃይል ወደቀ። ቲማቲሙ ደረጃ በደረጃ እየነጠረ መጣ። ሙንተሰር ቀና ቢል ታላቅ ወንድሙ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉልበቱን ከሆዱ አጣብቆ፣ ደረጃው ላይ ተኝቷል። አዳልጦት የወደቀ መሰለው። ያ የሻይ ቤቱ ሳቅ ትዝ አለውና እሱም በተራው ከት ብሎ ሳቀ። የውጭው በር ክፍት ስለነበር በመንገዱ የሚያልፉም ቆመው አዩ። ሰላህ ተነሣ። ቲማቲሙን ሳይለቅም፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ወደ ላይ ወጣ።

በማግስቱ የሰላህ ሚስት ኑሃ ምድር ቤት ወረደች። ሁለቱ ሴቶች ባሎቻቸው ባይነጋገሩም ጨውና ሽንኩርት ይበዳደሩ ነበር። ኑሃ በሩን ከኋላዋ ዘግታ ቆማ ተናገረች።

"ፋጡ፣ እህቴ፣ ባልሽ ያንን ነገር ይተው። በጦርነቱ ጊዜ ታንክ መንገዳችን ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። አይመን የሚባል ጓደኛው እኛ ጋ ተጠግቶ ነበር፤ ውሃ ላምጣ ብሎ በሩን ከፍቶ ሲወጣ መቱት። ሰላህ ጎትቶ ደረጃው ስር አስገባው። እዚያው እጁ ላይ ሞተ። መውጣት አይቻልም፣ መቅበር አይቻልም፤ ታንኩ እስኪሄድ ድረስ ከሬሳው ጋር እዚያ ተኛ። ሞተሩ ሲያጓራ ሰው ይተነፍሳል። ጸጥ ሲል ነው የሚተኩሰው። እስከ ዛሬ ከባድ መኪና በደጅ ካለፈ እህል አይበላም።"

ፋጡ ይህን ለባሏ ነገረችው። ሙንተሰር ታንኩን ገልብጦ የስፒከሩን ሽቦ ነቀለና "አላውቅም ነበር" አለ። ወደ ላይ ወጥቶ አንድ ነገር ልበል ብሎ አስቦ ነበር፤ እግሩ ግን ከደጁ አላልፍ አለው። ምን ሊለው ነው? ስሙን እንኳ ለማይጠራው ሰው!

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰላህ የሽቦውን መነቀል አላወቀም። እሱ የሚያውቀው በመንገደኛ ፊት መዋረዱን ብቻ ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች ሲያልፍ "ቡም!" ማለት ጀምረው ነበር። አንድ ጠዋት ደሙ ፈልቶ ጣሪያው ላይ ወጣና የሙንተሰርን የሶላር ሰሌዳ ከነብረቱ ነቅሎ ወደ ግቢው ወረወረው። ፋጡ ታች ልብስ ታሰጣ ነበር። መስታወቱ ከእግሯ ስር ተፈረካከሰና ቁርጥራጩ የእግሯን ጀርባ ከፈተው።

ሙንተሰር ከሥራ ሲገባ እግሯን በሻሽ ጠቅልላ አገኛት። ሁሉንም ሰማ። ታንኩን ከመደርደሪያው አወረደና የነቀለውን ሽቦ መልሶ በየደ።

"ሙንተሰር፣ አታድርገው" አለች ፋጡ። "ያን ጊዜ አላወቅክም። አሁን ታውቃለህ።"

"ማወቄ ነው የሚጠቅመኝ" አለ።

"ወላሂ ይሄ ሐራም ነው!"

"መስታወቱ አንገትሽ ላይ ቢወድቅስ?"

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሰላህ እንግዶች ጫት ይዘው መጡ። የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። የፎቁ በር ለነፋሱ ተከፍቷል፤ ጨዋታቸውና ሳቃቸው ታች ድረስ ይሰማል። ሙንተሰር ድምፁን ዘግቶ ታንኩን በደረጃው ሰደደው። ታንኩ በብረት ሰንሰለቱ ደረጃውን እየነከሰ፣ አንዳንዴ እያመነታ፣ ወጣ። ከላይኛው ደፍ ሲደርስ ሙንተሰር ታች እንደቆመ ድምፁን ለቀቀው።

ሞተሩ አጓራ። የደረጃው ግድግዳ ድምፁን እጥፍ አደረገው። ከላይ ጨዋታው ተቋረጠ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፤ በጸጥታው ውስጥ አንድ ሰው "አይመን! ግባ! ግባ!" ብሎ ጮኸ። መድፉ ተኮሰ። ብርጭቆ ተሰበረ፣ ኑሃ አለቀሰች። አንድ ሽማግሌ "ያዙት፣ ራሱን እንዳይመታ ያዙት" ሲሉ ተሰማ።

ሙንተሰር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብሎ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ጠጣም። እንግዶቹ ግን አንድ በአንድ ወረዱ፤ ማንም አልሳቀም። የመጨረሻው ሽማግሌ አጠገቡ ቆመው ከእግር እስከ ራሱ አዩትና "አባትህን ቀብሬዋለሁ። እንኳን ይህን ሳያይ ሞተ" ብለውት ሄዱ። ፋጡ የዚያን ዕለት ምግብ አቀረበችለትና ራሷ ሳትበላ ተነሣች።

ሰላህ ለዚህ መልስ አላጣም። በሳምንቱ ውስጥ ወታደሮች የጭነት መኪና ይዘው መጡ። ሙንተሰርን እጁን አሥረው፣ ምንጣፉን ገልብጠው፣ ያለውን መሣቢያ ሁሉ ደፍተው፣ ታንኩንና ሪሞቱን፣ የስታኞ ጥቅሉንም ሳይቀር ይዘው ሄዱ። "ምድር ቤት ያለው ሐበሻ ከሩቅ የሚፈነዳ ነገር ይሠራል" ብሎ አንድ ሰው ጠቁሟል። ማን እንደሆነ ሙንተሰር መጠየቅ አላስፈለገውም። ዓደን ውስጥ በእንዲህ ያለ ክስ ሰው ገብቶ ሳይወጣ ሊቀር እንደሚችል ግን ያውቃል።

በወታደሮቹ ጣቢያ ግቢ አንድ ፈንጂ አዋቂ ወታደር የታንኩን ሆድ በጥንቃቄ ፈታ። መኮንኑ ፊቱን አኮሳትሮ አጠገቡ ቆሟል።

"ይህ ሁሉ ሽቦ ለምንድነው?"

"አንቴና ነው፣ ፈንደም" አለ ሙንተሰር፣ ለመኮንን በሚባለው የአክብሮት ቃል። "ግድግዳ እንዳያግደው ነው።"

"ከግድግዳ ጀርባ ሆነህ ማን ላይ ልታፈነዳ?"

"መጫወቻ ነው፣ ፈንደም። ሞተሩን አሻሻልኩት እንጂ ሌላ ነገር የለበትም።"

"ስንት ዓመትህ ነው አንተ? መጫወቻ ይለኛል!"

ቀጥሎ ሰላህን አስገቡት። የተናገረውን በሙንተሰር ፊት እንዲደግም ነበር የተጠራው። ወደ እሱ ግን አልተመለከተም።

"ፈንጂ ሲሞላበት አይተሃል?" አለው መኮንኑ።

"አይቻለሁ" አለ ሰላህ፣ ዐይኑ መሬት ላይ እንደተተከለ።

ሙንተሰር እንዲህ ያለውን ውሸት ይናገራል ብሎ አልገመተም ነበር። መኮንኑ ግን በሥራው የቆየ ሰው ስለሆነ ወዲያው አላመነም። የሙንተሰርን እጅ አስፈታና "በል ንዳው፣ ልየው" አለ። ወታደሮቹ ወደ ግድግዳው ሸሹ። ታንኩ በአሸዋማው ግቢ ዞረ፣ አፈሙዙን አዞረ፣ ተመልሶ መኮንኑ ጫማ ፊት ቆመ። አንዱ ወታደር ሳይታወቀው ፈገግ አለ።

"ድምፅ አለው ተብሏል። የታለ?"

ሙንተሰር አውራ ጣቱ የድምፁ ቁልፍ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ቢጫነው ሁሉም ነገር ያበቃል። ሰላህ በዚህ ሁሉ ወታደር ፊት ይወድቃል፤ መኮንኑም ነገሩ የወንድማማች ጠብ እንደሆነ በዐይኑ ያያል። ሰላህን አየው። የሸሚዙ አንገት በላብ ርሷል፤ እጆቹ ከወዲሁ ወደ ጆሮው መነሣት ጀምረዋል። ከፎቁ የሰማው "ግባ! ግባ!" የሚለው ጩኸት መጣበት።

"ተበላሽቷል፣ ፈንደም" አለ።

"ታዲያ ይህ በሙጫ የታሸገው ሳጥን ምንድነው?"

ፈንጂ አዋቂው ወደ ኋላ ተራመደ። አንድ ወታደር ክላሹን አቀባበለ።

"አብራው" አለ ሰላህ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

"ተበላሽቷል አልኩ" አለ ሙንተሰር።

"አብራው አልኩህ፣ የሐበሻዪቱ ልጅ! ያንተን ምሕረት ማን ፈለገው?"

ሰላህ ሄዶ የመስኮቱን ብረት በሁለት እጁ ያዘ። ሙንተሰር ቁልፉን ተጫነው። ሞተሩ አጓራ። የሰላህ እግሮች ይንቀጠቀጡ ጀመር፣ ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደገፈ። ጸጥታው መጣ። ጉልበቱ ታጠፈ፤ ግን እጁ ብረቱን አልለቀቀም። መድፉ ሲተኩስ ከጉሮሮው እንስሳ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ሁሉም ሲያበቃ ግን አልወደቀም። ከወታደሮቹ መካከል ሸበት ያለው አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

ሰላህ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀና "ፈንጂ የለውም" አለ። "በዚህ ነው ያሠቃየኝ። ፈንጂ አይቻለሁ ያልኩት ውሸት ነው።"

መኮንኑ እስኪደክመው ሰደባቸው። አንዱን በሐሰት ምስክርነት፣ አንዱን በሰው ቁስል በመጫወት እንደሚያስራቸው ዛተ። አባታቸውን ሳይቀር አነሣ። በመጨረሻ ታንኩን በእግሩ ወደ ጎን ገፍቶ "ይህ እዚህ ይቀራል። እናንተ ሁለታችሁም ከዐይኔ ጥፉ!" አለ።

ከጣቢያው ወጥተው ፀሐዩ ላይ ሚኒባስ መጠበቂያው ዘንድ ቆሙ፤ አንዱ ከዛፉ ወዲህ፣ ሌላው ከዛፉ ወዲያ። መጀመሪያ የተናገረው ሙንተሰር ነበር።

"የመጀመሪያውን ቀን አላወቅኩም ነበር። የዓርቡን አውቄ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ ሰላህ።

"አንተ ደግሞ ልታስገድለኝ ነበር።"

"አዎ፣ ነበር።"

"ታዲያ ለምን እውነቱን ተናገርክ?"

ሰላህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ቀጥ አድርጎ አየው። "ተበላሽቷል ስላልክ ነው። ያንተ ባለዕዳ ሆኜ አልኖርም። አሁን አንተም የእኔ፣ እኔም ያንተ ዕዳ የለብንም። ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተም እንዳትለኝ።"

ሚኒባሱ ሲመጣ ሰላህ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው። ሙንተሰር የሚቀጥለውን ጠበቀ።

ሽማግሌዎች ገቡበት፤ ሊያስታርቁ ሳይሆን ሊያለያዩ። ሁለቱም እርቅ አንፈልግም አሉ። ሙንተሰር በጓሮው በኩል የራሱን በር እንዲያወጣ፣ ከምድር ቤት ወደ ደረጃው የሚያወጣው በር በብሎኬት እንዲዘጋ ተወሰነ። ፋጡና ኑሃ ይህን ሲሰሙ ሁለቱም ተቆጡ። "ጨው ስበደር በመንገድ ልዙር ነው?" አለች ፋጡ። ማንም አልሰማቸውም።

ግንበኛው አዲሱን በር ከፍቶ ሲያበቃ ሌላ ሥራ አለኝ ብሎ አሮጌውን ሳይዘጋ ሄደ። ስለዚህ ወንድማማቾቹ ራሳቸው ዘጉት። ሰላህ ከደረጃው በኩል፣ ሙንተሰር ከቤቱ በኩል ሆነው ብሎኬት በብሎኬት ላይ ደረደሩ። የሲሚንቶው ሽታና የግንበኛ ማንኪያው ፍትጊያ ብቻ ነበር። ግንቡ ደረት ሲያክል ሙንተሰር ክር ዘርግቶ ለካው።

"ጠሟል" አለ።

"በእኔ በኩል ቀጥ ያለ ነው።"

"ይወድቃል እኮ።"

ሰላህ እየተራገመ ሁለቱን ብሎኬት አነሣና አስተካክሎ መለሳቸው። ከዚያ በኋላ በጉበኑ ስር አንዲት ቀዳዳ ቀረች። ሙንተሰር የመጨረሻዋን ብሎኬት በሲሚንቶ ለቅልቆ ወደ ቀዳዳው አስገባት። ቀዳዳው ጠበባት፤ አልገባ አለች።

"ግፋ" አለ ሰላህ ከወዲያ።

ሙንተሰር በመዳፉ ገፋ። ከወዲያ በኩል የሰላህ እጅ ተቀብሎ ሲያቃናት ተሰማው፤ ከዚያ ብሎኬቷ ቦታዋን ያዘች፣ ብርሃኑም ጠፋ። ሙንተሰር ሲሚንቶ የሚያለሰልሰው ማንኪያ በሌላው ወገን ሲፋጭ ትንሽ አዳመጠ። ማንኪያው ቆመ። የሰላህ እግር ደረጃውን ወጣ። ሙንተሰር የተረፈውን ሲሚንቶ በባልዲ ሰብስቦ ወደ ጓዳ ወሰደው፤ የጓዳው ወለል መሰንጠቁን ፋጡ ጠዋት ነግራው ነበር።